በድምፅህ ያረዳሁት መርዶ

የእድራችን አባላት ስሙ፤ አልሰማሁም እንዳትሉ። በመካኒሳ አቦ ሰፈራችን ከባድ ነገር ስለደረሰ ወንዱ ጋቢውን ደርቦ፣ ሴቷ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ሥራ ያለው ሥራውን ትቶ በጊዜ እንዲገኝ።

ውድ አባዬ፣ አትደንግጥ፤ ካንተ ወዲህ ከቤታችን የሞተ የለም። እንዲህ ብዬ የጀመርኩት ሌላ አጀማመር ስለማላውቅ ነው። ትምህርት ቤት ሳለሁ ደብዳቤ ሲጻፍ መጀመሪያ ስለ ጤንነት ይጠየቃል ብለውን ነበር፤ አንተን ስለ ጤንነትህ ብጠይቅህ ግን ያለህበት ሆነህ ትስቅብኛለህ። አሥረኛ ክፍል ላይ ካቆመ ሰው ከዚህ በላይ አይጠበቅም።

ከተለያየን ሰባት ወር ከአሥራ ሁለት ቀን ሆነን። ከባዱ ነገር ይህ ነው፦ ባለፈው እሑድ በእድሩ ስብሰባ ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት፣ እጄን አውጥቼ ተናገርኩ። ስለ ምን እንደተናገርኩ ታውቃለህ። ግን ከሥር ከሥሩ ልንገርህ፤ አንተ ወሬ ከመሃል ሲጀመር አትወድም።

የቤቱ እንዲህ ነው። የስፌት መኪናህ ከበሩ አጠገብ እንደቆመች ናት፤ እማዬ ነጭ ጨርቅ አልብሳታለች። አርባህ ካለፈ በኋላ ያ ቀጭኑ ደንበኛህ አንድ እግሩ ብቻ የተሰፋ ሱሪውን ፍለጋ መጣ። ይሉኝታ ይዞት ቀድሞ አልመጣም፤ እኔ ብሆን በሠልስቱ እመጣ ነበር። ሌላውን እግር እኔ ሰፋሁለት። አሁን ሲራመድ አንዱ እግሩ ወደ መካኒሳ፣ አንዱ ወደ ሀና ማርያም የሚሄድ ይመስላል፤ ቢሆንም መርቆኛል።

እማዬ ካልጋው ያንተን ጎን አትተኛበትም። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትነቃለች፤ አንተ ጡሩምባህን አንስተህ ሰው ልታረዳ የምትወጣበት ሰዓት ነው። አንድ ቀን ረስቼ በድምፅህ ጠራኋት። የያዘችውን ሰሃን አልጣለችም፤ ቀስ ብላ አስቀመጠችውና ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ያንተን ድምፅ መሥራት ቀርቷል።

ድምፅህ መንቀጥቀጥ የጀመረበትን ዕለት አስታውሳለሁ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት እናት ያረፉ ጊዜ ነው። «አርፈዋልና» የምትለዋ ላይ ስትደርስ ድምፅህ እንደ ግልገል ተርገበገበ። ሰዉ ያለቀስክ መሰለው። ጋሽ አስፋው እንዴት ያለ አንጀት አለው፣ እንደ እናቱ አለቀሰላቸው ብሎ አመሰገነህ። በሚቀጥለውም ለቅሶ ተንቀጠቀጠ፤ አሁንም አመሰገኑህ። ኋላ ግን ያ ተከራዮቹን በየክረምቱ የሚያስወጣው ሰውዬ ሞተና አንተ ለእሱም ተንቀጠቀጥክ። ያኔ ሰፈሩ ይጠጣል ብሎ ጠረጠረ። ለእሱማ ማን ያለቅሳል?

እኔም ሥራ አገኘሁ። ጸጉር ቤት ተቀምጬ ለጀለሶቼ ያንተን ድምፅ መሥራት ጀመርኩ። ጸጉሩን ለተቆረጠ ሁሉ መርዶ አረዳለት ነበር፤ የእከሌ ጎፈሬ ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ስላረፈ ብዬ። ሰው በሳቅ ይወድቃል። መንቀጥቀጡን ከጉሮሮዬ ሳይሆን ከሆዴ ማውጣት እንዳለብኝ ሁለት ወር ፈጅቶ ነው የገባኝ። ትምህርት ላይ እንዲህ ብተጋ ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ በደህና እጅ ጽሑፍ ትቀበል ነበር።

ከዚያ የእትዬ ሙሉነሽ ውሻ ቡቺ ሞተ። አምና በሰኔ፣ አሸዋ የጫነ መኪና ገጭቶት። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጡሩምባህን ከተሰቀለበት አውርጄ መንገድ ወጣሁ። ነፋሁና በድምፅህ አወጅኩ፦ በእትዬ ሙሉነሽ ግቢ ለስምንት ዓመት በታማኝነት ያገለገለው ጠባቂ ትናንት በመኪና አደጋ አርፏልና። ውሸት የሆነ አንድ ቃል አልነበረበትም፤ ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ እንዳልኩት አልነግርህም።

የእድሩን ሰው ታውቀዋለህ። ጡሩምባ ከተነፋ ማንም ቆሞ ማን ሞተ፣ እንዴት ሞተ አይልም። ጥያቄው ለቅሶ ቤት ደርሶ ነው። ተረኞቹ መጋዘኑን ከፍተው ምሰሶውን ተሸከሙ፤ አግዳሚው ወጣ፤ ሴቶቹ ድስቱን በገመድ አንጠልጥለው መጡ። እትዬ ሙሉነሽ ዘበኛ ቀጥረው እንደማያውቁ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሆኖም ድንኳኑ እስኪቆም ማንም አላሰበውም። ጀለሶቼና እኔ ከአጥር ኋላ ሆነን አፋችንን በእጃችን አፍነናል። አንዱ ሁሉን ነገር በስልኩ ቀርጿል።

እትዬ ሙሉነሽ ኪዳን አድርሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በራቸው ላይ ድንኳን አዩ። አንድ ልጅ ነው ያላቸው፤ እሱም ጅማ ነው። ስሙን ጠርተው ጭቃው ላይ ተዘረጉ። እዚህ ላይ ነው ሳቁ ያለቀብኝ። ኋላ የሞተው ጠባቂው ነው ብለው አነሷቸው፤ የቱ ጠባቂ ሲሉ፣ ያኔ ሁሉም ነገሩ ገባው። ተረኞቹ ምሰሶውን መንቀል ጀመሩ።

አንተ ጡሩምባውን ስነፋ ግቢያችን ውስጥ ፊትህን እየታጠብክ ነበር። የራስህን ድምፅ ከመንገድ ሰማህ። ስገባ ፎጣውን እንደያዝክ ቆመህ አየኸኝ፤ ጡሩምባውን ከእጄ ወሰድክና አፉን በፎጣው ጠርገህ ሰቀልከው። አልመታኸኝም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር፤ ይህ ደግሞ ቀልድ አይደለም።

ከሰዓት በኋላ የእድሩ ዳኛ ጋሽ መኮንን አስጠሩህ። ድምፁ ያንተ ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል አሉህ። አንተም እኔ ነኝ አልክ፤ የተሳሳተ ወሬ ደርሶኝ ነው አልክ። በር ላይ ቆሜ ሰማሁ። በመርዶ የቀለደ ሰው ዕድሜ ልኩን የእድር አባል እንደማይሆን በደንቡ ተጽፏል፤ እኔ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት በስሜ ልመዘገብ ነበር። ይሄ ልጅ ነገ ማን ይቀብረዋል ብለህ ነው አይደል? እነሱም ስህተቱ ከመጠጥ ነው፣ ድምፅህም ያሳብቅብሃል አሉ። ጠጥተህ እንዳልሆነ የሐኪም ወረቀት አምጣ ተባልክ።

ጤና ጣቢያው ወደ አንገት በላይ ሐኪም ላከህ፤ እኔም ተከተልኩህ፤ ሐኪሙ ጉሮሮህን በመብራት አይቶ ቁስልም እብጠትም የለም አለና ድምፅ ወደሚለካበት ክፍል መራን። ክፍሏ ከቁም ሳጥን ትንሽ ብትሰፋ ነው፤ ግድግዳዋ በሙሉ ስፖንጅ ለብሷል። ባለሙያዋ ልጅ እግር ሴት ነበረች። ማይክሮፎኑን ከአፍህ አንድ ስንዝር አራቀችና፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ሳትጮህ፣ ድምፅህን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ «አ» እንድትል ነገረችህ፤ ትንፋሽህ እስኪያልቅ። ሃያ ዓመት ሰፈር የቀሰቀሰ ሰው «አ» በል ተባለ። አንተም ቆብህን አውልቀህ አልክ። በመጀመሪያው ላይ ጥቅሻ ወርውሬብህ ስለሳቅክ ተበላሸ፤ እሷም ፊቴን ወደ ግድግዳው አስዞረችኝ።

ሦስት ጊዜ ቀረጸችህ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ መጀመሪያ የራሷን ድምፅ አሳየችን፤ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ብሏል። ያንተ ግን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ። ጠጋ ብለህ አየኸውና እንደ ልብስ ሰፊ ፈረድክ፤ ዚግዛግ ነው፣ ግን ስፌቱ እኩል ነው አልክ። ሴትየዋ ገረማት። ዋናው ነገር እሱ ነው አለች። በሰከንድ አምስት ጊዜ ያህል ይወጣል ይወርዳል፣ ከመጀመሪያው «አ» እስከ መጨረሻው ርቀቱን አልሳተም፤ የፈራ ወይም የሚያለቅስ ሰው ድምፅ እንዲህ በልክ አይሄድም አለች። እጅህን ዘርጋ አለችህ፤ እጅህ ቀጥ አለ። በእጅህስ ኮርተህ ነበር፤ አይቼሃለሁ። ሕመም ነው፣ ሐኪሙ ክኒን ይጽፍልዎታል፣ ያቀልለው ይሆናል እንጂ ላያጠፋው ይችላል አለችህ።

ከዚያ ጠየቀችህ፤ ትንሽ ሲጠጡ መንቀጥቀጡ ይቀንሳል ወይ ብላ። እዚህ ጋ ነው መዋሸት የነበረብህ። አንተ ግን ካህን ፊት እንደቆመ ሰው፣ የአቦ ዕለት ማኅበር ላይ አንድ ጣሳ ጠላ ጠጥቼ ድምፄ ለአንድ ሰዓት ያህል ረግቶልኝ ነበር አልክ። የዚህ ሕመም ጠባዩ ነው፣ ብዙ ሰው ላይ በመጠጥ ይረጋል፣ እንደ መድኃኒት ግን አይያዙት አለችና ጻፈችው።

ሕመሙ በዘርም ሊመጣ ስለሚችል ልጁም ይለካ አለች። ማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጥኩ። ያው ነገሬ ተነሳብኝና ያንተን ድምፅ ከሆዴ አውጥቼ ለቀቅኩት። ኮሪደሩ ላይ የነበሩት ሰዎች ሁሉ አንተ መስለሃቸዋል። እሷ ጆሮዋን አልሰጠችኝም፤ መስመሩን ብቻ አየችና ይሄ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው አለች። አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ፣ እዚህ ይቸኩላል፣ እዚያ ይደክመዋል። ቀጥ አድርገህ በል አለችኝ፤ ስል ቀጥ አለ፤ ጤነኛ ነህ፣ ሂድ። አንተ ግን የእኔን የተጣመመ ስፌት ሴትየዋ ከስክሪኑ ላይ እስክታጠፋው ድረስ ዓይንህን አልነቀልክም።

በሚኒባሱ ስንመለስ ጦር ኃይሎች ደረስን። ከዚያ በመስኮት እያየህ እንዲህ አልከኝ፦

«ማሽኑ አንዴ አይቶ ለየን። ሃያ ዓመት የሰማኝ ሰፈር ግን አልለየንም።»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የበራልኝ። ጀለሴ የቀረጸው አለ፣ ወስደን ብናስለካው ያንተ እንዳልሆነ ይታወቃል አልኩህ። ትከሻዬን ይዘህ፣ «ተወው። አንተ ገና እዚህ ሰፈር ብዙ ትኖራለህ» አልከኝ። እኔም ተውኩት። በደስታ ነው የተውኩት አባዬ፤ ፈሪ ነበርኩ።

ወረቀቱን ለእድሩ ሰጠህ። ጸሐፊው መነጽሩን አድርጎ ተረጎመው፤ እንግሊዝኛው ከእኔ ብዙም አይሻልም። በመጠጥ ይረጋል የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመና ዙሪያውን አየ። ሁሉም ነገሩ የገባቸው መሰላቸው፤ ይኸው ሐኪሙም ይጠጣል ብሏል አሉ። ጠጥቶ ቢሆን ኖሮማ ድምፁ ባልተንቀጠቀጠ ነበር የሚል አንድ ሰው ጠፋ። ያን ማለት የምችለው እኔ ነበርኩ፤ አላልኩም። በነሐሴ ጡሩምባውን አስረክብ ተባልክ። የራስህ ሳለ አስረከብክ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንተም ታውቀዋለህ፣ ግን ልጻፈው። በየጠዋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነስተህ አልጋው ጫፍ ላይ ጫማህን አድርገህ ትቀመጥ ነበር። ቃላት መቆጠብ ጀመርክ። ደንበኛ ሲመጣ በእጅህ ታወራለህ። እኔ ላስቅህ ያልሠራሁት የለም፤ የጋሽ መኮንንን አረማመድ፣ የጸሐፊውን መነጽር። በአፍንጫህ ትተነፍሳለህ፤ ሳቅህ ያ ብቻ ሆነ። በጥር የሱሪውን አንድ እግር ጨርሰህ መቀሱን ስታነሳ ግንባርህ መኪናዋ ላይ አረፈ። ደም ግፊት ነው አሉ።

መርዶህን ማንም አልለፈፈም። በስልክ መልእክት ተላከ። ዳቦ ቤት ሆኜ የሁሉም ሰው ስልክ አንድ ጊዜ ሲንጫጫ ሰማሁ፤ ሃያ ዓመት የሰው ሞት የተናገርክ ሰውዬ፣ የአንተ ሲሆን እንደ ካርድ መሙያ ማስታወቂያ መጣህ። እትዬ ሙሉነሽ ስልካቸው ተዘግቶ ስለነበር የሰሙት ከተቀበርክ በኋላ ነው። ሲመጡ ያለቀሱትን ለቅሶ ግን ለቡቺም አላለቀሱም።

ስድስት ወር እንዲሁ ዞርኩ። በሐምሌ የዚያን ጀለሴን ስልክ ተውሼ ወደዚያች ስፖንጅ ክፍል ሄድኩ። ሴትየዋ አወቀችኝ፤ አባትህስ አለች፤ ነገርኳት። ቅጂውን ሰማችው። ዶሮ ይጮህበታል፣ ጡሩምባ አለበት፣ ከአፍ ያለው ርቀት አይታወቅም፤ በዚህ የሕክምና ወረቀት ልሰጥ አልችልም አለች። ሆኖም «አርፏልና» ስል ድምፄን ያስረዘምኩባትን ቦታ ቆርጣ መስመሩን አወጣችው፤ ያንተንም ከማኅደርህ አምጥታ ከሥሩ አስቀመጠች። ሁለቱን በአንድ ወረቀት አትማ፣ ሳትፈርምበት ሰጠችኝ። ከላይ የእኔ የሰካራም ስፌት። ከታች ያንተ፣ እኩል በእኩል።

በመሃሉ ድምፅህን ከፈተችው። «አ» ብቻ ናት። ከአሥር ሰከንድ ትንሽ ታልፋለች። በስልኬ ላይ ያለህ ፎቶ እንጂ ድምፅህ አልነበረኝም፤ እኔ ጋ የነበረው የሠራሁት ብቻ ነው። ለካ አንድም ቀን በትክክል አልሠራሁህም ነበር።

እሑድ ስብሰባው ላይ ወረቀቷን ይዤ ገባሁ። ለእማዬ ከመሄዴ በፊት ነገርኳት፤ አባትህ የዚያኑ ዕለት ነግሮኛል፣ አንተ እስክትናገር ዝም በይ ብሎ አስምሎኝ ነው አለች። ተነሳሁ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ ያን ጊዜ ማንንም እየሠራሁ አልነበረም። የቡቺን መርዶ ያረዳሁት እኔ ነኝ አልኩ። አባቴ አልጠጣም፣ አልተሳሳተምም፣ እኔን ሊያድን ነው አልኩ። ወረቀቷ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። አንዱ ገልብጦ አያት፤ አንዱ የመብራት ቆጣሪ ንባብ መሰለው። ማባረር ካለባችሁ አባርሩኝ፣ የእሱ ስም ግን ይመለስ ብዬ ተቀመጥኩ።

ጋሽ መኮንን ወረቀቷን መለሱልኝ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ፈገግ አሉ፤ ክፉ ፈገግታ አይደለም።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር እኮ ተረስቷል። ጋሽ አስፋውን ያስቀረነው ለውሻው ብለን መሰለህ? መልእክቱ በስልክ ይሁን ብለን ከዚያ በፊት ወስነን ነበር። እንዴት አድርገን እንንገረው ብለን ጨንቆን ነው የከረምነው፤ ውሻው ሰበብ ሆነልን።»

ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ጸሐፊውማ ውሻ እንደነበር እንኳ አላስታወሰም፤ ፍየል መስሎት ነበር። ገባህ አባዬ? አንተ በየጠዋቱ ጫማህን አድርገህ የምትቀመጥበትን ነገር፣ እኔ ከዓመት በላይ የተሸከምኩትን ነገር፣ እነሱ ለመናገር ከማፈር ነው ያመጡት። ልጮህባቸው ፈለግሁ። አንተ ብትሆን ምን ትል ነበር ብዬ አሰብኩ፤ በአፍንጫህ ትተነፍስ ነበር። እንደዚያ አደረግሁ።

ቢሆንም በቃለ ጉባኤው ይጻፍልኝ ብዬ ድርቅ አልኩ። ተጻፈ። ልዩ ልዩ በሚለው ሥር፣ ከተቀደደው ድንኳንና ከጠፉት ሰሃኖች መሃል፣ አምና በሰኔ የተለፈፈው መርዶ በልጁ እንጂ በጋሽ አስፋው እንዳልነበረ ተገልጿል ይላል። እኔን አላባረሩኝም፤ ዓመቱን ሙሉ በየለቅሶው የድንኳን ምሰሶ እሸከማለሁ። ትናንት አንዱን ጀመርኩ፤ ትከሻዬ አብጧል። እትዬ ሙሉነሽ ዘንድም ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅኩ፤ ተነስ፣ ቤቴን በጭቃ አታበላሽ አሉኝ።

ድምፅህን ከእንግዲህ አልሠራም። የልኩን ወረቀት በመኪናዋ መሳቢያ፣ ከማስመሪያህ ሥር አድርጌዋለሁ። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ለአቦ ስሄድ ስምህን በገዛ ድምፄ እጠራለሁ፤ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን። ልጅ ብወልድ ማን እንደነበርክ እነግረዋለሁ፤ ቀልዱንም ሆነ ሌላውን ሳልቀንስ።

በል እንግዲህ፣ ከባድ ነገር ብዬ ያስነሳሁህ ለዚህ ነበር። ሲጣራ ያን ያህልም አልሆነ፤ በቃለ ጉባኤው አንድ መስመር ናት፣ ስትነበብ ሦስት ደቂቃ አልፈጀችም፤ ከእሷ በኋላ ወዲያው ስለ ሰሃኖቹ መነጋገር ጀመሩ።